መጥረጊያና ሪፖርት፦ የሆራስ ማን ሕይወት

የትምህርት ታሪክ ኮርስ በምንወስድበት ዘመን መምህራችን አንድ ጠዋት የሆራስ ማንን ስም ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፉና ወደ እኛ ዞሩ። ከኋላ ወንበር አንዱ ጓደኛችን ስሙን እንደ ጥያቄ አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው በእኛ ባች ሆራስ ማነው ተብሎ ቀረ። መምህራችንም አብረውን ሳቁ፤ መልሱን ግን ፈተና ላይ እንደሚጠብቁ ነገሩን።

እኔም እንደሌላው ሁሉ ዓመተ ምሕረቶቹን ሸምድጄ ፈተናውን አለፍኩ፤ ሰውየውንም ከፈተናው ወረቀት ጋር ረሳሁት። ያስታወስኩት ከዓመታት በኋላ፣ ጣሪያው የሚያፈስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቁልፍ ተረክቤ ርዕሰ መምህር ከተባልኩ ወዲያ ነው። ታዲያ የዘንድሮው የመገናኛ መጽሐፋችን አዘጋጆች በሙያችን ታሪክ ስሙ ስለሚነሳ አንድ ሰው እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ብዙ አላሰብኩም። ያኔ ኮርሱ ላይ የሳቅንበትን ሰው ዕዳ ልክፈል ብዬ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆራስ የተወለደው በ1796 በማሳቹሴትስ፣ ፍራንክሊን በምትባል ትንሽ የገበሬ ከተማ ነው። ከተማይቱ ስሟን የወሰደችው ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ነዋሪዎቹ ለቤተ ክርስቲያናቸው ደወል ይልክልን ይሆናል ብለው ሲጠብቁ እሱ የላከላቸው መጻሕፍት ነበር። ድሃው የገበሬ ልጅ ሆራስ ያደገው እነዚያን መጻሕፍት እየተዋሰ ነው። ትምህርት ቤት የሚውለው በዓመት ከ10 ሳምንት ለማይበልጥ ጊዜ ነበር። የቀረው ጊዜ የእርሻና የቤት ሥራ ነው፤ ለመማሪያ መጽሐፉ የሚከፍለውን ደግሞ ለባርኔጣ የሚሆን ሰንደዶ እየጎነጎነ ያገኝ ነበር። በገጠር ያስተማራችሁ ይህን ልጅ ታውቁታላችሁ። አጨዳ ሲደርስ ከክፍል የሚጠፋው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መዝገቡ በቀይ ቀሪ የሚሞላው፣ ሲመጣ ግን ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያወጣው ልጅ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው አባቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። በዓመቱ ታላቅ ወንድሙ ስቴፈን ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ቀኑ እሑድ ነበርና፣ ወንድሙም ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ትቶ ነበርና የከተማው ቄስ በቀብሩ ላይ ቤተሰቡን ከማጽናናት ይልቅ ስለ ገሃነም ሰበኩ። ሆራስ እናቱ ሲያለቅሱ እያየ ያን ስብከት ሰማ። በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ልጅን በፍርሃት ከማስተማር ጋር የተጣላው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመስለኛል። ከጅራፍና ከአርጩሜ ጋር የነበረው ጠብ ሥሩ የትምህርት ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን የወንድሙ መቃብር ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

በሃያ ዓመቱ፣ አንድ ዙዋሪ አስተማሪ ላቲንና ግሪክ አስጠንተውት በስድስት ወር ብቻ ተዘጋጅቶ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1819ም የክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ። ጥቂት ጊዜ እዚያው አስተምሮ ሕግ አጠና፤ በ1823 ጠበቃ ሆነ። በ1827 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። እዚያም ትልቁ ሥራው በየእስር ቤቱና በየጓዳው ታስረው ለነበሩ የአእምሮ ሕሙማን በዉስተር ከተማ በመንግሥት ገንዘብ ሆስፒታል እንዲሠራ ማድረጉ ነው። በ1830 የዩኒቨርሲቲውን የቀድሞ ፕሬዚዳንት ልጅ ቻርሎት ሜሰርን አገባ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቻርሎት ሞተች። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጸጉሩ ሸበተ ይባላል። ከሐዘኑ በላይ ደግሞ የወንድሙ ዕዳ ወደቀበት፤ ቢሮው ውስጥ እያደረ፣ ብዙ ጊዜ ምሳውን እየዘለለ ከፈለ።

ይህ ሰው በ1837 የማሳቹሴትስ ሴኔት ፕሬዚዳንት ነበር። ስሙ የታወቀ፣ ገቢው የደረጀ፣ ለአገረ ገዥነት የሚታሰብ ሰው። በዚያ ዓመት ምክር ቤቱ የትምህርት ቦርድ ሲያቋቁም ኤድመንድ ድዋይት የተባለ ባለሀብት ወዳጁ የቦርዱ ጸሐፊ እንዲሆን ለመነው። እስቲ ይህን ቦታ አስቡት። ደመወዙ ከጥብቅና ገቢው በእጅጉ ያነሰ ነው። ቦርዱ አንድ ትምህርት ቤት እንኳ መክፈት አይችልም፤ አስተማሪ መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማባረር አይችልም፤ በጀት የለውም። ሥልጣኑ መረጃ መሰብሰብና በዓመት አንድ ሪፖርት መጻፍ ብቻ ነው። ወዳጆቹ አብዷል ብለው አዘኑለት። እሱ ግን የሕግ መጻሕፍቱን ትቶ ገባበት።

ያገኘው ምን ነበር? ማሳቹሴትስ ትምህርት ቤት ያልጎደላት አገር ነበረች፤ ከ1640ዎቹ ጀምሮ ከተሞች ትምህርት ቤት እንዲኖራቸው የሚያዝ ሕግ ነበራት። የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነው። እያንዳንዱ ከተማ በትናንሽ የትምህርት አጥቢያዎች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ አንድ ክፍል ያለውን ትምህርት ቤቱን በራሱ ያስተዳድር ነበር። አስተማሪ የሚቀጠረው ብዙ ጊዜ በዕውቀቱ ሳይሆን በርካሽነቱ ነው። ቀለቡና ማደሪያው በየተማሪው ቤት በተራ ስለነበር አንዱን ሳምንት እዚህ፣ አንዱን ሳምንት እዚያ ያድር ነበር። በክረምት ትልልቆቹን ወንዶች ወንድ ያስተምራል፤ በበጋ ትንንሾቹን ሴት ታስተምራለች፤ የወሩ ውል ሲያልቅ ሁለቱም ይበተናሉ። ጎረምሶቹ አስተማሪውን ደብድበው ወይም በር ዘግተውበት ትምህርት ቤቱን የሚያዘጉበት አጋጣሚም ጥቂት አልነበረም።

ሆራስ በፈረስ ላይ ተቀምጦ አገሩን መዞር ጀመረ። በየአውራጃው የአስተማሪዎችና የወላጆች ስብሰባ ይጠራ ነበር። አንዳንድ ቦታ አዳራሹ ይሞላል፤ አንዳንድ ቦታ የሚጠብቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። በ1838 ስለ ትምህርት ቤት ሕንፃዎች ለብቻው ሪፖርት አወጣ። ልብ በሉ፣ የሥርዓተ ትምህርት ፍልስፍና አይደለም የጻፈው፤ ስለ መስኮት፣ ስለ ምድጃ፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ሽንት ቤት ነው። ሕፃናት እግራቸው መሬት በማይነካ፣ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ስድስት ሰዓት ተቀምጠው ለምን እንደሚቁነጠነጡ የሚጠይቅ ሰው፣ ወላጆች ለከብቶቻቸው ከሚሠሩት በረት ያነሰ ቤት ለልጆቻቸው ሠርተዋል ብሎ የሚከስ ሰው። በዚያው ዓመት የትምህርት ቤቶች ጋዜጣ ጀመረ፤ አሥር ዓመት ያህልም ራሱ እያዘጋጀ አወጣው። ይኸ ሁሉ ጽሕፈትና ደብዳቤ ያለ አንድ ረዳት ነበር፤ ጤናው ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ዋናው ችግር ግን ሕንፃው እንዳልሆነ ቶሎ ገባው። ጥሩ ቤት ውስጥ ያልሠለጠነ አስተማሪ ብታስቀምጥ ያገኘኸው ጥሩ ቤት ብቻ ነው። በ1838 ያው ወዳጁ ድዋይት መንግሥት እኩሌታውን ካዋጣ ለመምህራን ማሠልጠኛ 10,000 ዶላር እሰጣለሁ አለ፤ ምክር ቤቱም እሺ አለ። በሐምሌ 3 ቀን 1839 በሌክሲንግተን በአሜሪካ የመጀመሪያው የመንግሥት የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። ዝናብ ይጥል ነበር። ለመግቢያ ፈተናው የቀረቡት ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩ። አዎ፣ ሦስት ብቻ። ዛሬ በየአገሩ ያሉ የመምህራን ኮሌጆች ታሪካቸውን ሲቆጥሩ ወደ ኋላ ሄደው ከሚደርሱባቸው ቀኖች አንዱ ያ ዝናባማ ቀን ነው። ከዚያ በባሬ፣ በ1840 ደግሞ በብሪጅዋተር ሌሎች ሁለት ተከተሉ፤ ሦስቱም ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

የሌክሲንግተኑ ርዕሰ መምህር ሳይረስ ፒርስ ይባላል። በየዓመቱ ስሙ ባይነሳም እኛን የሚመስለው እሱ ነው። አስተማሪው እሱ፣ አስተዳዳሪው እሱ፣ ጽዳቱና ጥበቃው እሱ። ከንጋት በፊት ተነስቶ ምድጃ ያነዳል፣ በረዶ ይዝቃል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ያስተምራል። ከማሠልጠኛው ጋር ለመለማመጃ የሚሆን የሕፃናት ትምህርት ቤት ነበረ፤ ሠልጣኞቹ እዚያ ሲያስተምሩ ፒርስ ከኋላ ተቀምጦ ያይና ማታ ያርማል። እኛ ለትምህርት ልምምድ ስንወጣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡትን፣ ማስታወሻ ደብተር የያዙትን መምህር ታስታውሷቸዋላችሁ አይደል? እጃችን ላይ ያለው ጠመኔ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ያስፈሩን። ያ ወንበር በሌክሲንግተንም ነበረ። ፒርስ በሦስት ዓመት ውስጥ ጤናው ተሰብሮ ለጊዜው ሥራውን ለቀቀ። ሆራስ ይህን ሰው አላዘዘውም፤ ደብዳቤ እየጻፈ፣ እየጎበኘ፣ ማዕዱን እየተካፈለ አበረታታው እንጂ።

ጠላት አልጠፋም። ግብር የሚከፍሉት ገንዘባችን ባከነ አሉ፤ አጥቢያዎቹ ሥልጣናችን ተነጠቀ አሉ፤ ቀናዒ ሰባኪዎች ደግሞ የአንድ ቤተ እምነት ትምህርት በክፍል እንዳይሰጥ ስላደረገ ትምህርት ቤቶቹ እግዚአብሔር የለሽ ሆኑ አሉ። በ1840 ቦርዱም ማሠልጠኛዎቹም እንዲዘጉ በምክር ቤት ሐሳብ ቀረበ። በ245 ድምፅ ተቃውሞና በ182 ድጋፍ ወደቀ። ልዩነቱ 63 ሰው ነው። ሥራ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት ሁሉም ነገር በስልሳ ሦስት እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ መጥረጊያው ልምጣ። በ1840ዎቹ አጋማሽ ሆራስ በሥራ ላይ ላሉ አስተማሪዎች አጭር ሥልጠና ማዘጋጀት ጀመረ፤ ዛሬ በክረምት እንደምንወስደው ያለ ማለት ነው። በፒትስፊልድ ከተማ ሥልጠናው የሚካሄድበት ትምህርት ቤት በመክፈቻው ጠዋት ሳይጠረግ ተገኘ። ሆራስ ከአገረ ገዥው ከጆርጅ ብሪግስ ጋር ነበር የመጣው። ሁለቱ ሰዎች ኮታቸውን አውልቀው፣ ከጎረቤት መጥረጊያ ተውሰው ክፍሉን ጠረጉ፣ አቧራውን አራገፉ፤ አስተማሪዎቹ ሲደርሱ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ማን ይጥረግ ተብሎ ደብዳቤ አልተጻፈም፤ የጽዳት ሠራተኛ አልተወቀሰም። የዚያን ቀን የተነገረው ትምህርት ዛሬ የሚያስታውሰው የለም። መጥረጊያውን ግን ያልሰማ የትምህርት ታሪክ አንባቢ የለም።

ብዕሩ ግን ሌላ ጠባይ ነበረው። በግንቦት 1843 ሆራስ ሜሪ ፒቦዲን አገባና የጫጉላ ሽርሽሩን የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች መጎብኛ አደረገው። አይፈረድበትም፤ ሜሪ ራሷ አስተማሪ ነበረች። ወዳጁ ሐኪሙ ሳሙኤል ሃውና ባለቤቱም አብረው ተሳፈሩ። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድ፣ በፕሩሺያ፣ በሳክሶኒ ከክፍል ወደ ክፍል ዞረ። በፕሩሺያና በሳክሶኒ ያየው አስገረመው፦ አስተማሪው መጽሐፍ ላይ አያፈጥም፣ ቆሞ ከልጆቹ ጋር ይነጋገራል፣ አይማታም፤ ልጆቹም አይፈሩትም። በ1844 መጀመሪያ በወጣው ሰባተኛ ሪፖርቱ ይህን ሁሉ ጻፈ። የቦስተንን ስም አንስቶ አልሰደበም፤ ግን የሚያነብ ሁሉ ማንን ከማን እንደሚያወዳድር ገብቶታል።

31 የቦስተን ርዕሳነ መምህራን ተሰብስበው 144 ገጽ መልስ አሳተሙ። ስሜታቸውን መረዳት ከባድ አይደለም። ከእነሱ መሃል ብዙ ዓመት ጠመኔ የበላቸው ነበሩ፤ ክፍላቸው ውስጥ የተጨናነቀውን ልጅ ቁጥር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ባሕር ተሻግሮ ጥቂት ሳምንት ትምህርት ቤት ጎብኝቶ የመጣ፣ አንደኛ ደረጃ አስተምሮ የማያውቅ ጠበቃ ሥራችሁን አታውቁም አላቸው። ሆራስም ዝም አላለም፤ ከእነሱ የበለጠ ገጽ ያለው መልስ ጻፈ። እነሱ ደገሙ፤ እሱም ደገመ። በ1845 ሃው ያለበት የቦስተን ትምህርት ኮሚቴ ለተማሪዎቹ አንድ ዓይነት የጽሑፍ ፈተና ሰጠ፤ ያ በቃል ብቻ በሚፈተንበት ዘመን አዲስ ነገር ነበር። ውጤቱ ዝቅተኛ ሆነ። ውጤቱ ታተመ፤ የተወሰኑት ርዕሳነ መምህራን ቦታቸውን አጡ። ዛሬ ተማሪን ለመመዘን የምንሰጠው የጽሑፍ ፈተና በአሜሪካ ሲጀምር አስተማሪን ለመርታትም እንዳገለገለ ማወቅ ለእኛ ለፈታኞች ደግ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር፤ ሳልናገር ብቀር ይህን ጽሑፍ የጻፍኩበት ምክንያት ይደበቃል። ርዕሰ መምህር በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በገዛ ቋንቋቸው አንድ አንቀጽ ማንበብ ሲያቅታቸው አየሁ። ተናደድኩ። ክፍል ለክፍል ዞሬ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ፦ ማን እንደሚያረፍድ፣ ማን ያለ ዕቅድ እንደሚገባ፣ ማን አለንጋ ይዞ እንደሚዞር። ሪፖርቱን ለበላይ ልኬ አንዱን ቅጂ በመምህራን ማረፊያ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አንድም ውሸት አልነበረበትም። በማግስቱ ማረፊያው ስገባ ወሬው ቆመ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መምህር ቀስ ብለው ተነስተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ፤ ለሹም እንደሚለቀቅ ማለት ነው። ከዚያ ቀን በፊት ትከሻዬን መታ አድርገው ሻይ ያዙልኝ ነበር እኮ። ያን ዓመት በሙሉ ትምህርት ቤቱ ተሠራ ከተባለ በደወል ብቻ ነው የተሠራው። የሚያነብ ልጅ አልጨመረም።

በሚቀጥለው ዓመት ይህንኑ የሆራስን ታሪክ ከአንድ የድሮ ማስታወሻዬ አገኘሁትና የተለጠፈውን ወረቀት ባነሳሁበት ግድግዳ ላይ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ስለጥፍ የራሴንም ስም ከታች አስገባሁ፦ ስድስተኛ ሀ፣ ንባብ፣ በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ። ሰባ ምናምን ልጅ ፊት ቆሜ ሳየው ሪፖርቴ ላይ የከሰስኳቸው ግማሽ ያህሉ ነገሮች በራሴ ደረሱ። ዕቅዴ አላለቀልኝም። ድምፄ ተዘጋ። አንድ ቀን እጄ ወደ አርጩሜ ሊሄድ ምንም አልቀረው። ጋሼ በመስኮት አይተውኝ ነበር መሰለኝ፣ በእረፍት ሰዓት ልጆቹን በአምስት በአምስት እንዴት እንደሚከፍሏቸውና ፈጣኖቹን የዘገምተኞቹ አለቃ እንደሚያደርጓቸው አሳዩኝ። ያን ዘዴ ሪፖርቴ ላይ አልጻፍኩትም ነበር፤ ስላልጠየቅኳቸው።

ሆራስ በነገሩ ትክክል ነበር፤ ይህን አልክድም። ግርፋቱ መቅረት ነበረበት፤ ሽምደዳውም እንዲሁ። ግን ትክክል መሆንና ሰው ማስከተል ሁለት ሥራ ነው። ፒትስፊልድ ላይ አንድ ቃል ሳይናገር ያገኘውን፣ ቦስተን ላይ በመቶ ሰባ ምናምን ገጽ አላገኘውም።

ስለ እሱ ስናወራ ልንሸፍናቸው የማይገቡ ሁለት ነገሮች ደግሞ አሉ። አንደኛው የሴቶች ደመወዝ ነው። ሴቶች የተሻሉ የሕፃናት አስተማሪዎች ናቸው ብሎ ከልቡ ያምን ነበር፤ ማሠልጠኛዎቹንም ከፈተላቸው። ግን ለምክር ቤቱ ሲያስረዳ ርካሽ መሆናቸውንም እንደ ጥቅም አቀረበ። በእሱ ዘመን የወንዶች ደመወዝ በ62፣ የሴቶቹ በ51 በመቶ አደገ፤ የሴቶቹ ግን ሲጀመርም ከወንዶቹ በጣም ያነሰ ስለነበር ርቀቱ አልጠበበም። ሁለተኛው የጥቁር ልጆች ጉዳይ ነው። ቦስተን ጥቁር ልጆችን በተለየ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር፤ ወላጆቻቸውም አቤት ይሉ ነበር። የሁሉም ልጅ ትምህርት ቤት እያለ የሚሰብከው ሆራስ በጸሐፊነቱ ዘመን በዚህ ላይ በአደባባይ አልተናገረም። ተጨማሪ ጠላት ካፈራሁ ሁሉም ይፈርሳል ብሎ ሰጋ። የባርነት ተቃዋሚው ዌንዴል ፊሊፕስ በዚህ ዝምታው በግልጽ ወቀሰው። ማሳቹሴትስ ያን ልዩነት በሕግ የከለከለችው በ1855፣ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ከመካከላችን በጀት እንዳይቆረጥብኝ፣ ሹመቴ እንዳይነሳ ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም ያላለ ርዕሰ መምህር ካለ እሱ ይፍረድበት።

በ1848 የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ሲሞቱ በእሳቸው ቦታ ለኮንግረስ ተመርጦ ቦርዱን ለቀቀ። በአሥራ ሁለት ዓመት አሥራ ሁለት ሪፖርቶች ጽፎ ነበር። የትምህርት ዘመኑ በአንድ ወር ያህል ረዝሟል፤ ወደ 50 የሚሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፤ ትምህርት ቤት ለመሥራትና ለማደስ 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቷል። ዋሽንግተን ሲደርስ ቀድሞ የዋጠው ድምፅ ወጣ። ባሪያዎችን በመርከብ ሊያስመልጡ ሲሉ ለተያዙ ሰዎች ጠበቃ ሆኖ ቆመ፤ ያመለጡ ባሪያዎች ለጌቶቻቸው እንዲመለሱ የሚያዘውን ሕግ የደገፈውን ኃያሉን ዳንኤል ዌብስተርን ፊት ለፊት ተጋፈጠው። በ1852 ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ ተሸነፈ።

ከዚያ ሌላ ሰው ቢሆን ጡረታ ይወጣ ነበር። እሱ ግን በ1853 ኦሃዮ ውስጥ የሎ ስፕሪንግስ በምትባል ገጠር የአዲሱ የአንቲዮክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሲደርሱ ሕንፃው አላለቀም፤ ግቢው ጭቃ ነው፤ ኮሌጁ ገና ሳይከፈት ዕዳ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ግን የድሮ ስህተቶቹን አንድ በአንድ የሚከፍል ይመስላል። ሴቶችና ወንዶች አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲማሩ አደረገ። የእህቱን ልጅ ርብቃ ፔኔልን በወንዶቹ ማዕረግና በወንዶቹ ደመወዝ ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠረ። ጥቁር ተማሪዎችን ተቀበለ፤ የተቃወሙትን ችላ አለ። ራሱም በመጨረሻ ክፍል ገብቶ አስተማረ። ፍራንክሊን ላይ በዓመት አሥር ሳምንት የተማረው ልጅ በሃምሳዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ጠመኔ አነሳ።

በ1859 ኮሌጁ በዕዳ ምክንያት በሐራጅ ተሸጠ፤ የገዙት ወዳጆቹ ስለነበሩ ሳይዘጋ ተረፈ። ያን ክረምት የምርቃቱን ንግግር ሲያደርግ ሰውነቱ አልቆ ነበር። ተመራቂዎቹ ለሰው ልጅ የሚረባ አንድ ሥራ ሳይሠሩ ከዚህ ዓለም እንዳያልፉ አደራ አላቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1859፣ በ63 ዓመቱ ሞተ። በ1865 በማሳቹሴትስ ምክር ቤት ፊት ለፊት ሐውልቱ ሲቆም ከወጪው ከፊሉን ያዋጡት አስተማሪዎችና ተማሪዎች ነበሩ። ከቦስተኖቹ ሠላሳ አንድ መሃል ያዋጣ ይኖር ይሆን ብዬ አስባለሁ። ቢኖር ደስ ይለኛል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከእኛ ባች ገሚሱ ጡረታ ወጥቷል፤ ገሚሱ አሁንም ደወል ሲደወል ልቡ ይመታል። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ለምታስተምሩ ባልደረቦቻችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የሆራስ ማንን ስም ሰሌዳ ላይ ስትጽፉ ዓመተ ምሕረቶቹን ብቻ አትንገሯቸው። መጥረጊያውንም ሪፖርቱንም አብራችሁ ንገሯቸው፤ በየትኛው እንደተወደደ፣ በየትኛው እንደተጠላ። ከተማሪዎቻችሁ አንዱ ነገ ጣሪያው የሚያፈስ ትምህርት ቤት ቁልፍ ይረከባል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይናደዳል፤ መናደዱም ደግ ነው። ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ለራሱ ይመድብ፤ ከማረፊያው ጥግ የተቀመጡትን ጋሼንም ሻይ ይጋብዝና ይጠይቃቸው።

የእኔ ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል። ያን የተለጠፈ ወረቀት ግን እስካሁን በማኅደሬ አስቀምጬዋለሁ።